አረንጓዴው ስቲከር

ሎጋው መጀመሪያ የዳኛዋ ክፍል የገባ ቀን ግንባሩን ከመብራቷ ጋር አላተመ።

መብራቷ ከጣሪያው በሽቦ ተንጠልጥላ ልክ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ነው የምትውለው። ለዳኛዋ ቁመት ትበቃ ነበር። ለእሱ ግን... ምን ልበላችሁ፣ ሰውየው ሎጋው የተባለው እንዲሁ አይደለም። ጓ አለች። ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች፤ የሁለቱም ጥላ ግድግዳው ላይ እየረዘመና እያጠረ አብሯት ተወዛወዘ።

«ይቅርታ!» አለ ግንባሩን ይዞ።

«ይቅርታው ለእኔ ነው ለመብራቷ?»

«ለሁለታችሁም።»

ዳኛዋ ሳቋን ዋጠች። ከማታውቀው ሰው ጋር ቶሎ መሳሳቅ አትወድም። እጇን ዘርግታ «አምጣው» አለችው፤ እሱም በብብቱ የያዘውን ቴስተር አስረከባት።

ቴስተር ማለት ኬብል ውስጥ ኤሌክትሪክ ይኑር አይኑር የሚናገር፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። አንድ ቀይ አንድ ጥቁር ገመድ ይሰካበታል። የገመዶቹን ጫፍ ኬብሉ ላይ ሲያስነኩት ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይመጣል። ዜሮ ካለ ኬብሉ ሞቷል ማለት ነው፤ ሠራተኛው በእጁ ይይዘዋል። እንግዲህ አስቡት፣ የሰው ነፍስ በዚያች ዜሮ ላይ ነው የምትንጠለጠለው።

የሚሠሩበት ቦታ ትልቅ የማቀዝቀዣ መጋዘን ነው። ሥጋው፣ ዓሣው፣ መድኃኒቱ እየተቆለለ የሚቀመጥባቸው ሰፋፊ ክፍሎች አሉ፤ ከእነሱ ሥር ደግሞ ኬብሎቹ የሚያልፉበት ጠባብ የምድር ውስጥ መተላለፊያ አለ። እዚያ ታች ብርዱ አጥንት ይገባል። ከወለሉ በታች የማይቋረጥ የሞተር ጉርምርምታ ይሰማል። አዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ ይፈራዋል፣ ኋላ ይለምደዋል፣ ከዚያ ጭራሽ አይሰማውም። ዳኛዋ ግን ለምዳው አታውቅም። የእሷ ክፍል ከላይ ነው፣ ሙቅ ነው፣ ጥግ ላይ ሁልጊዜ ማሞቂያ ይበራል። የግቢው መለኪያ መሣሪያ ሁሉ እሷ ጋ ይመጣል፤ ወይ አረንጓዴ ወይ ቀይ ስቲከር ተለጥፎበት ይወጣል። ይግባኝ የለም። ዳኛዋ ያሏትም ለዚሁ ነው።

«በበራ ቁጥር ራሱን ይፈትሽና ‹ወደቀ› ይለኛል» አለ ሎጋው። «ምን እንዳደረግሁት አላውቅም።»

ቴስተሩን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ባለቤቱን አየችው።

«ገመዶቹን ለምን አልነቀልክም?»

«መንቀል ነበረብኝ?»

«ራሱን ሲፈትሽ ምንም ነገር ሊሰካበት አይገባም። ገመዱ ከአየር ላይ የማይረባ ነገር ይለቅማል፣ መሣሪያው ደግሞ የራሱ ሕመም ይመስለዋል።» ነቀለቻቸው፤ አጥፍታ አበራችው። ስክሪኑ አፍታ አሰበ። ‹አለፈ› አለ። «አየህ? በሽታው አንተ ነህ።»

«መድኃኒቱስ?»

«በሩ እዚያ ነው።»

ሎጋው እየሳቀ ወጣ። እሷም ከወጣ በኋላ ሳቀች፤ በሩ መዘጋቱን አረጋግጣ ነው ታዲያ።

ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ። ‹ወደቀ›። ገመዶቹ ተሰክተዋል። ነቅላ አሳለፈችው። ሌላም ጊዜ መጣ፤ ያው ነው። ፊት ለፊት ባለው ስቶር የምትሠራው እትዬ ይሄን ሁሉ በመስኮት ታያለች።

«እኔ እምልሽ» አለቻት አንድ ቀን፣ «ይሄ ልጅ የሚያስመረምረው ቴስተሩን ነው ልቡን?»

«እትዬ ደግሞ! የሚረሳ ሰው ነው።»

«አዬ... የሚረሳስ አልመሰለኝም። አንቺ ጋ ከመግባቱ በፊት ጸጉሩን በስቶር መስታወት እያየ ነው የሚያበጥረው።»

በሚቀጥለው ሲመጣ ዳኛዋ ቴስተሩን አልተቀበለችውም። እጇን አጣምራ ቆመች።

«ሆን ብለህ ነው አይደል?»

ሎጋው ጆሮው ድረስ ቀላ። «የመጀመሪያው እውነት ነበር» አለ። «ሌላው... አዎ። ምን ብዬ ልምጣ?»

ደስ አላት። ግን ደስታዋን ፍርሃት ቀደመው።

«ስማኝ። የመሣሪያ መውደቅ ቀልድ አይደለም። ዛሬ በውሸት ይወድቃል፣ ነገ በውሸት ይወድቃል፣ አንድ ቀን በእውነት ይወድቅና...» አልጨረሰችውም። «ማልልኝ። ሁለተኛ እንዳታደርገው።»

«እምላለሁ። ታዲያ ላይሽ ስፈልግስ?»

«ባዶ እጅህን ና!»

መጣም። ባዶ እጁን። በምሳ ሰዓት እየመጣ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እሷ ትሠራለች፣ እሱ ያወራል። በልጅነቱ እናቱ በሩን አልፎ በሄደ ቁጥር «ጎንበስ!» እያለች ትጮህ እንደነበር፣ አሁንም ሳታየው ስልክ ላይ «ጎንበስ እያልክ ሂድ» እንደምትለው ነገራት። እሷም እንደዚያ ሳቃ የማታውቀውን ሳቅ ሳቀች። አንድ ጠዋት ወንበር ላይ ወጥታ የመብራቷን ሽቦ አሳጠረችው። ለማንም አልተናገረችም። ሎጋው በምሳ ሰዓት ሲገባ እንደ ልማዱ ጎንበስ አለ፤ ቀና አለ፤ መብራቷ ከራሱ በላይ ቀርታለች። ቆሞ አያት። ከዚያ ዳኛዋን አያት።

«ለእኔ ነው?»

«መብራቷ ታሳዝነኛለች» አለች። «ስንት ጊዜ ትመታት!»

እንዲህ ነው የተዋደዱት። እንዲህ ቀላል ነበር፣ እንዲህም ጣፋጭ ነበር። ግን ዳኛዋ ቤት ውስጥ ባዶ የሚንጠለጠል አንድ እጅጌ አለ።

አባቷ በጉብዝናቸው ኬብል ሠራተኛ ነበሩ። ሌላ ግቢ፣ ሌላ መተላለፊያ፤ ሥራው ግን ያው ነው። አንድ ቀን መሣሪያው ዜሮ አላቸው። አምነው ኬብሉን ያዙት። ከሆስፒታል ያለ ቀኝ እጃቸው ወጡ። ዳኛዋ ያኔ ልጅ ነበረች፤ አባቷ በግራ እጃቸው ቁልፍ ለመቆለፍ ሲታገሉ እያየች ነው ያደገችው። ይሄን ሙያ የመረጠችውም ለሌላ አይደለም። ከእጄ የወጣ መሣሪያ ሰው ፊት አይዋሽም ብላ ነው። እናም ዋሽቶ አያውቅም ነበር። የግቢው ሠራተኞች የእሷን አረንጓዴ ስቲከር ካዩ ሌላ አይጠይቁም፤ «ዳኛዋ ፈርዳለች» ብለው ይገባሉ። ይሄ አባባላቸው ያኮራት ነበር።

ሎጋውን አንድ እሑድ ቤት ይዛው ሄደች። የቤታቸው በር ዝቅ ያለ ነው። ጓ!

«ጉበኑ ዝቅ ያለ ነው» አሉ አባቷ ከተቀመጡበት ሳይነሡ። ዘግይተው ነው ያሉት፣ ከመታው በኋላ።

«ምንም አይደል ጋሼ። ለምጄዋለሁ።»

«ምን ትሠራለህ ልጄ?»

«ኬብል ነኝ ጋሼ። የታችኛው መተላለፊያ።»

አባቷ ባዶ እጅጌያቸውን በግራ እጃቸው ይዘው አጠፉት፣ ፈቱት፣ እንደገና አጠፉት። ያን ካደረጉ ዳኛዋ ነጠላዋን ለብሳ ከቤት መውጣት ነው የሚያምራት።

«ልጄን» አሉ በመጨረሻ፣ «ለኬብል አልሰጥም።»

«አባዬ!»

«አልኩ እኮ። በአንድ ቤት አንድ እጅጌ ይበቃል።»

ሎጋው አልተከራከረም። ተነሣ፣ እጅ ነሣ። አባቷም ተነሥተው እስከ በሩ ተከተሉት። ዳኛዋ ከውስጥ ሆና አየች፤ አባቷ የሎጋውን ክንድ ያዝ አድርገው፣ አንገታቸውን ወደ ላይ ሰቅለው፣ በጆሮው አንድ ነገር ተናገሩት። የልጁ ፊት ጠቆረ። ራሱን ነቀነቀና ወጣ።

«ምን አሉህ?» ብላ በማግስቱ ጠየቀችው።

«የወንድ ወሬ ነው» አለ። ዓይኗን ሳያያት።

ሰድበውታል፣ ረግመውታል ብላ ደመደመች። ሌላ ምን ይሉታል? እንቅልፍ አጣች። አባቷን ደግሞ ልትጠላ አልቻለችም፤ እውነታቸውን ነዋ! እሷም ብትሆን ሎጋው ወደዚያ ደረጃ ሲወርድ ባየች ቁጥር ከወለሉ ሥር ያለው ጉርምርምታ በደረቷ ውስጥ ያልፋል።

«የቁጥጥር ክፍሉ ሰው ይፈልጋል» አለችው አንድ ቀን። «ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ስክሪን ማየት ነው። አመልክት።»

«ታችኛውስ?»

«ሌላ ሰው ይግባ።»

«ሌላው ሰው እናት የለውም? እንዳንቺ የምትጠብቀው የለችም?»

«እኔ ስለ ሌላ ሰው አይደለም የማወራው! ስለ አንተ ነው!»

«ሥራዬን ፈርቼ፣ ጓደኞቼን እዚያ ጥዬ መጥቼ ላገባሽ አልፈልግም።»

«እንግዲያው አታግባኛ!»

ወጣ ቃሉ። ሁለቱም ደነገጡ። አንዳቸው አንድ ነገር ቢሉ ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር። አላሉም።

ሳምንታት አለፉ። ሎጋው በምሳ ሰዓት መምጣት አቆመ። እሷም ስልኳን እያየች አልደወለችም። ወንበር ላይ ወጥታ የመብራቷን ሽቦ ወደ ድሮው አወረደችው። ለዓይን ብርሃን ቀረብ ሲል ጥሩ ነው ብላ ራሷን አሳመነች። እኛ ግን እናውቃታለን።

እና አንድ ማለዳ ስልኳ ጮኸ።

«ወድቋል» አለ ሎጋው።

ድምፁን ስትሰማ ከወንበሯ ተነሣች። «ምኑ?»

«ቴስተሩ። አሁን ከታች መውጣቴ ነው። እዚያ ሳበራው ወደቀ። ደግሜ አበራሁት፣ ወደቀ።»

የናፈቀችውን ያህል ተናደደች። ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም ብሎ፣ አሁን በዚያው በድሮው ዘዴ ሊመጣ ነው!

«ገመዶቹን ንቀል።»

«ገመድ የለበትም።»

«ምለህልኝ ነበር እኮ!»

«ገመድ የለበትም እያልኩሽ ነው።»

«ይዘኸው ና» አለችና ዘጋችው።

መጣ። ጓ! መብራቷ ግንባሩን መታችው። ከፍ ያለች መስሎት ጎንበስ አላለም ነበር። ግንባሩን ይዞ ቆመ፤ መብራቷን አየ፤ ዳኛዋን አየ። ያ አስተያየቱ ከስድብ በላይ አመማት። ጥላቸው ግድግዳው ላይ ተወዛወዘ፣ እየተነካካና እየተለያየ።

ሥራዋን ግን በደንቡ ሠራች። በደንቡ መሣሪያ ከብርድ ሲመጣ ወዲያው አይፈተሽም፤ መጀመሪያ እስኪሞቅ ይጠበቃል። ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጠችው። ሁለቱም እሱን እያዩ ተቀመጡ። ሲሞቅ አበራችው።

‹አለፈ›።

ደገመችው። ‹አለፈ›። ባትሪውን አወጣች፣ መለሰች፣ የራሷን ገመድ ሰክታ በሶኬት ሞከረችው። ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ መጣ። ምንም የለውም። አረንጓዴውን ስቲከር አወጣችና በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለጠፈችበት።

«ይኸው። ጤነኛ ነው። ላይህ ፈልጌ ነው ካልከኝ ደግሞ...»

«ላይሽ ስፈልግ ባዶ እጄን እንድመጣ ነግረሽኛል» አለ። «አልረሳሁም።»

ቴስተሩን አነሣ፣ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ዳኛዋ መፍቻ ፈልጋ መሳቢያዋን ከፈተች። ከመፍቻው በላይ ሁለት ገመዶች ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። አንድ ቀይ፣ አንድ ጥቁር። ጫፋቸው ላይ ቢጫ ፕላስተር አለ። ሎጋው የራሱን ከሌላው ለመለየት ነው ያን ፕላስተር የሚጠቀልለው፤ በግቢው ሌላ የሚያደርገው የለም።

ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ስቶሩ ሄደች። ስትራመድ ሳይሆን ስትንሳፈፍ ነው የመሰላት።

«እትዬ፣ እነዚህን ማን መሳቢያዬ ውስጥ ከተታቸው?»

«ውይ! እኔ ነኝ፣ ረስቼው ነው እኮ። ከትናንት ወዲያ ያ ልጅ ላስቲካቸው ተላጠ ብሎ እኔ ጋ ጥሏቸው ሄደ። አንቺ ጋ መግባት አፍሮ ነው መሰለኝ። አይተሽ እንድታስወግጃቸው ብዬ...»

«ትናንት ጠዋትስ? ትናንት ጠዋት በምን ሠራ?»

«በምን ይሠራል? ትናንት ካንቺ ጋ ሲወጣ ነው አዲሶቹን የሰጠሁት። ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ?»

ገመድ የለበትም ብሏት ነበር። እውነትም አልነበረበትም። እዚህ፣ እዚሁ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። እንግዲያው ቴስተሩ የወደቀው በእውነት ነው።

ታች ወደቀ። እኔ ጋ አለፈ። ምንድነው ልዩነቱ? ዳኛዋ ማሞቂያዋን አየች። ያኔ ገባት፣ ሲገባት ደግሞ አፏን በእጇ ያዘች። ብርዱ ነው። ውስጡ የሆነ ቦታ የተሰነጠቀ ብየዳ አለ፤ ሲሞቅ ይገጥማል፣ ሲቀዘቅዝ ይላቀቃል። እሷ ደግሞ በደንቡ መሠረት መጀመሪያ አሙቃው፣ ሕመሙን በገዛ እጇ ደብቃ፣ ‹ጤነኛ› ብላ ፈረደችለት። አሁን ከላይ ሆኖ ሲያበራው ያልፋል። ደረጃውን ሲወርድ በብብቱ ይዞት ይሞቃል። ታች ሲደርስ ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል... ከዚያ ቀጥታ ኤሌክትሪክ ያለበት ኬብል ላይ ቢያስነካውም ዜሮ ይለዋል። በላዩ ላይ የእሷ አረንጓዴ ስቲከር አለ።

ደወለች። ‹የደወሉላቸው ደንበኛ...›። ታች ስልክ አይሠራም።

ሮጠች። ጫማዋ አንዱ ግቢው መሃል ቀረ። የጭነት መኪና ጡሩንባ ጮኸባት፤ አልሰማችም። ከወለሉ ሥር ያለው ጉርምርምታ ብቻ ነበር የሚሰማት። በሮጠች ቁጥር አብሮ የሚሮጥ፣ ቀድሟት የሚደርስ ይመስል ነበር። አባቷ እጅጌያቸውን ሲያጥፉ ታያት። በአንድ ቤት አንድ እጅጌ ይበቃል። በአንድ ቤት አንድ እጅጌ...

ደረጃው አፍ ላይ ፎርማኑ ቆሟል።

«ሎጋው የታለ?»

«ታች ነው። የኬብል ማገናኛ ሳጥኑን ሊፈታ ገብቷል። ምነው?»

«ኤሌክትሪኩ ተዘግቷል?»

«ተዘግቷል፣ እኔው ነኝ የዘጋሁት። ቴስተርም ይዟል፣ ያንቺ ስቲከር አለበት እኮ...»

«ጥሩት! ድረሱለት! ቴስተሩ ውሸታም ነው!»

ፎርማኑ አፉን ከፈተ። እሷ ግን አልጠበቀችውም። «ሎጋው!» ብላ ወደ ታች ጮኸች። ድምፅዋ ብቻ ተመለሰላት። «ሎጋው!» መልስ የለም። ሲጠሩት ሁሌ «አለሁ!» የሚል ሰው ነበር። ደረጃውን ወረደች፤ በአንድ እግር ጫማ፣ በሌላው ባዶ እግሯን፣ ብረቱ እየነከሳት። እስትንፋሷ ከፊቷ ነጭ ሆኖ ወጣ። ግድግዳው ላይ አምፖሎች በርተዋል፣ አንዳንዶቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ኬብሎቹ በግራና በቀኝ ተጋድመዋል። መታጠፊያውን ዞረች።

ሎጋው ወለሉ ላይ ነበር።

ግድግዳውን ተደግፎ፣ ረጃጅም እግሮቹን ዘርግቶ ተቀምጧል። ከፊቱ ሳጥኑ ተከፍቷል። መፍቻው ወድቋል። አልተንቀሳቀሰም።

ወደ እሱ ሮጠች።

ያኔ ሎጋው ቀስ ብሎ ራሱን አነሣ።

«አትንኪው» አለ። «ሳጥኑን አትንኪው።»

ተንበርክካ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው። እጆቹን አገላብጣ አየች፣ አንዱን፣ ሌላውን፣ ጣቶቹን። ሁሉም አሉ። ከዚያ አለቀሰች። እንዲህ አልቅሳ አታውቅም፤ ሕፃን ሆና አባቷ ከሆስፒታል የተመለሱ ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም።

«ስጠራህ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ሰማሁሽ። ድምፄ እምቢ አለኝ። እግሬም እምቢ አለኝ።» ቴስተሩን ከጭኑ ላይ አነሣው። «ሳጥኑን ከፈትኩ፣ አስነካሁት። ዜሮ አለኝ። መፍቻዬን አነሣሁ። እጄ እዚህ ደርሶ ነበር... እዚህ። ከዚያ አባትሽ ትዝ አሉኝ።»

«አባዬ?»

«ያን ቀን በር ላይ ምን እንዳሉኝ ልንገርሽ? ‹ዜሮ ሲልህ አትመነው› ነው ያሉኝ። ‹ዜሮ ካለህ መልሰህ ኤሌክትሪክ እንዳለው በእርግጠኝነት የምታውቀው ነገር ላይ አስነካው። እዚያም ዜሮ ካለህ የሞተው ኬብሉ አይደለም፣ መሣሪያህ ነው። እኔ ይሄን ሳላደርግ ነው እጄን ያጣሁት፤ ስቲከር አምኜ። ለእሷ አትንገራት፣ መሣሪያ ሁሉ ያስፈራታል።›» አምፖሉ ሥር ወዳለው ሶኬት ጠቆመ። «እዚያ አስነካሁት። አምፖሉ እየበራ ዜሮ አለኝ። መብራቱ በርቶ እያየሁት! ከዚያ በኋላ መቆም አልቻልኩም።»

ኋላ ሲጣራ ፎርማኑ የዘጋው ማብሪያ የአጠገቡ ኬብል ማብሪያ ሆኖ ተገኘ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ኬብል ሙሉ ኤሌክትሪክ ነበረው።

ዳኛዋ ቴስተሩን ከእጁ ወሰደች። አረንጓዴውን ስቲከር በጥፍሯ ላጠችው። ብርድ ስለሆነ ቶሎ አልላቀቅ አላት፤ ጥፍሯ እስኪደማ ላጠችው።

«እኔ ነኝ የለጠፍኩት» አለች። «ነግረኸኝ ነበር። አላመንኩህም።»

«እኔስ? ሁለት ሦስቴ ዋሽቼ እንዳታምኚኝ ያደረግሁ እኔ አይደለሁም?»

«ልገድልህ ነበር።»

«አልገደልሽኝም። ነይ፣ ብርድ ነው፣ ጫማሽስ?» ብሎ ባዶ እግሯን በእጁ ሸፈነው። ከዚያ ቀና ብሎ አያት፣ ሳቅ አለ። «እነዚህን ሳምንታት ሙሉ አንቺም ዜሮ ስታሳዪኝ ነበር እኮ... አላመንኩትም።»

ያን ዕለት ዳኛዋ በግቢው ያሉትን ቴስተሮች በሙሉ ሰበሰበች። ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ አሳድራ ነው በብርዱ እንዳሉ የፈተሸቻቸው። የሎጋው ቴስተር ስትከፍተው እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብየዳው ላይ ተገኘ። ለአለቃዋም ያደረገችውን አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሙቀት ብቻ ያለፈ መሣሪያ ስቲከር አያገኝም፤ በየመተላለፊያው መግቢያ ደግሞ «ዜሮ ሲልህ ኤሌክትሪክ እንዳለው በምታውቀው ነገር ላይ አስነካ» የሚል ጽሑፍ ተሰቀለ።

ያን ዕለት ማታ ሁለቱም አብረው አባቷ ቤት ሄዱ። አባቷ የሁለቱን ፊት አይተው ቆሙ። በተለይ የእሷን። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስቲከሩን ስትናገር ዓይናቸውን ማየት አልቻለችም።

«እኔ ነኝ አባዬ። በገዛ እጄ ለጠፍኩበት።»

አባቷ እጅጌያቸውን አላጠፉትም።

«የእኔንም የለጠፈው ጥሩ ሰው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ጎበዝ ሠራተኛ፣ ጓደኛዬ። ከዚያ በኋላ እኔን ማየት አልቻለም፤ አገር ለቆ ሄደ። እጄ አይደለም ልጄ የሚቆጨኝ። እሱን ጠርቼ ‹ና፣ ቁጭ በል› አለማለቴ ነው የሚቆጨኝ።» ግራ እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ። «አንቺ ግን ነይ። ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች። ሎጋው በሩ አጠገብ እንደቆመ ነው።

«አንተስ?» አሉት። «አሁንም ኬብል ነህ?»

«ነኝ ጋሼ።»

«ዜሮ ሲልህ?»

«አላምነውም ጋሼ።»

አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሎጋውን ግንባር አዩ፣ የበሩን ጉበን አዩ፣ አንድም ቃል ሳይጨምሩ ወደ መኝታቸው ገቡ። ዳኛዋና ሎጋው ተያዩ። እሺ ነው እምቢ ነው? ከቤቱ ወለል በታች ምንም ጉርምርምታ የለም።

ጠዋት ዳኛዋ በመዶሻ ድምፅ ነቃች። ደንግጣ ወጣች። አባቷ በርጩማ ላይ ቆመዋል፤ በአንድ እጃቸው መዶሻ ይዘው የራሳቸውን በር ጉበን እየነቀሉ ነው።

«አባዬ! ምን እየሆንክ ነው? ትወድቃለህ እኮ!»

«በርጩማውን ያዢልኝ» አሉ ሳይዞሩ። «ያ ልጅ በየቀኑ ግንባሩን ሲመታ እኔ መስማት አልችልም።»

ዳኛዋ በርጩማውን በሁለት እጇ ያዘች።